አለን ጋርዲነር፦ በምድር ጫፍ የተከፈለ ዋጋ

ቅንዓታችሁ ከዝግጅታችሁ ቀድሞባችሁ ያውቃል? የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው አለን ጋርዲነር (1794-1851 እ.ኤ.አ.) ይህ ደርሶበታል።

በ1834 ባለቤቱ ካረፈች በኋላ ቀሪ ዘመኑን ወንጌልን ላልሰሙ ሕዝቦች ሰጠ። በደቡብ አፍሪካ ወደ ዙሉዎች፥ ከዚያም ወደ ቺሊና ቦሊቪያ ሄደ። በየስፍራው በሩ ተዘጋበት፤ እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1844 የፓታጎኒያን ሚሽን መሠረተ። በመጨረሻም ልቡ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ወዳለችው ቲዬራ ዴል ፉዌጎ አዘነበለ። ዛሬ ቺሊና አርጀንቲና የተካፈሏት ይህች ምድር ብርዱና ነፋሱ የበረታባት ናት። በዚያ የያህጋን ሕዝብ በታንኳ እየተዘዋወረ ከባሕሩ በሚያገኘው ይኖር ነበር።

በሴፕቴምበር 1850 ጋርዲነር ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር ከሊቨርፑል ተነሣ። ሁለት ጀልባዎችና የስድስት ወር ስንቅ ይዘው በዲሴምበር ፒክተን ደሴት ደረሱ። ያመጣቻቸው መርከብ ከሄደች በኋላ ግን ለአደን የሚያስፈልጋቸው ባሩድ በውስጧ እንደ ቀረ ተረዱ። የሕዝቡን ቋንቋ አያውቁም፤ ሕዝቡም አላመናቸውም። አንደኛዋ ጀልባ በማዕበል ተሰበረች፥ ተጨማሪ ስንቅም በጊዜው አልደረሰም። ሰባቱም በረሃብና በበሽታ አለቁ። ጋርዲነር በሴፕቴምበር 1851 እስኪሞት ድረስ በማስታወሻው ላይ ጌታን ያመሰግን ነበር።

ወገኖቼ፥ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ተከታዮቹ ከስሕተቱ ተምረው ቋንቋውን ማጥናት ጀመሩ። እነርሱም ቢሆኑ መከራ አልቀረላቸውም፤ በ1859 ስምንት ሰዎች ተገደሉባቸው። ከ1871 ጀምሮ በኡሽዋያ የኖረው ቶማስ ብሪጅስ ግን 32,000 ያህል ቃላት የያዘ የያህጋን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ በ1881ም የሉቃስ ወንጌል በቋንቋቸው ታተመ።

የሚያሳዝነውንም ልንሰውረው አይገባም። ከውጭ የገቡ በሽታዎች ሕዝቡን ክፉኛ ጎዱት። በአፍ መፍቻ ቋንቋነት ያህጋንን ይናገሩ የነበሩት የመጨረሻዋ ሰው፥ ክርስቲና ካልዴሮን፥ በ2022 ዐረፉ። የብሪጅስ መዝገበ ቃላት ግን ዛሬም አለ።

እንግዲህ እናንተ ወንጌላዊ ስትልኩ በጸሎትና በመዝሙር ብቻ አትሸኙት። ቋንቋቸውን ያውቃል? ስንቁ ቢያልቅ ማን ይደርስለታል? የሚሄድበትስ ሕዝብ በመምጣቱ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል? ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለጌታ ሥራ መጨከን መልካም ነው፤ መልእክተኛን በቸልታ ማስራብ ግን እምነት አይደለም።

ጌታ ይባርካችሁ።