ሐርቪ ኩሺንግና የአንጎል ሽፋን ዕጢ

ሐርቪ ኩሺንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 8 ቀን 1869 በሰሜን አሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ተወለደ። በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ለወላጆቹ አሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ሲሆን፣ አባቱም አያቱም ቅድመ አያቱም ሐኪሞች ነበሩ። ስለዚህ ልጁ የሕክምናን ሙያ መምረጡ ማንንም የሚያስደንቅ አልነበረም። በዬል ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በ1891 ከፈጸመ በኋላ በቦስተን ከተማ ከሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባና በ1895 ተመረቀ።

በዚያ ዘመን በቀዶ ሕክምና ጊዜ በሽተኛውን በኤተር የማደንዘዙ ተግባር ብዙውን ጊዜ ለተማሪዎች ይተው ነበር። ኤተር በጨርቅ ወይም በሰፍነግ ላይ ይፈስና በበሽተኛው አፍና አፍንጫ ላይ ይያዛል፤ መጠኑ ቢያንስ በሽተኛው ሕመሙ ይሰማዋል፣ ቢበዛ ትንፋሹ ይቆማል። ኩሺንግ ገና ተማሪ ሳለ፣ ሥራውን በቅጡ ያስተማረው ሳይኖር፣ ኤተር እንዲሰጥ ታዘዘና በሽተኛው እዚያው ሞተ። ወጣቱ ሐዘኑ ስለ ጸናበት ሕክምናን ትቶ ሌላ ሥራ ለመፈለግ እስከ ማሰብ ደረሰ። ሆኖም አልተወም። ኤርነስት ኮድማን ከተባለ የትምህርት ጓደኛው ጋር ማን የተሻለ እንደሚያደነዝዝ በራት ተወራረዱ፤ ከዚያም የበሽተኛውን የልብ ትርታና አተነፋፈስ በየጥቂት ደቂቃው በወረቀት ላይ መመዝገብ ጀመሩ። ዛሬ በቀዶ ሕክምና ክፍል ለሚሞላው የማደንዘዣ መከታተያ ቅጽ አንዱ መነሻ ይህ ነው። ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው የኩሺንግ ጠባይ በዚህች ወረቀት ላይ ጎልቶ ይታያል። ሞት በገጠመው ቁጥር የሚወስደው እርምጃ አንድ ነበርና፤ ይኸውም የሆነውን ሳይቀንሱ መጻፍ ነው።

በ1896 ወደ ባልቲሞር ሄዶ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የዊልያም ሃልስቴድ ረዳት ሆነ። ሃልስቴድ ሲቀድ የማይቸኩል፣ ደም እንዳይፈስና ሥጋ እንዳይጎዳ እጅግ የሚጠነቀቅ ሐኪም ነበር። ኩሺንግ ይህን ጥበብ ከእርሱ ቀሰመ። በ1900 እና በ1901 አውሮፓን ሲጎበኝ በስዊዘርላንድ፣ በበርን ከተማ፣ ኮኸር ከተባለው ዝነኛ ሐኪም ዘንድ ተቀምጦ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር የደም ግፊትም አብሮ እንደሚጨምር በሙከራ አሳየ። በኢጣልያ፣ በፓቪያ ከተማ ደግሞ የደም ግፊት የሚለካበትን፣ በክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መሣሪያ ተመለከተና አሠራሩን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በዚያን ጊዜ አንጎልን እቀዳለሁ የሚል ሐኪም ቢገኝ ደፋር ይባል እንደ ሆነ እንጂ ብልህ አይባልም ነበር። በአንጎሉ ውስጥ ዕጢ የበቀለበት ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያስመልሰዋል፤ የዓይኑ ብርሃን ይደክማል፤ በመጨረሻም ታውሮ ይሞታል። ሐኪሙ ዕጢው የት እንዳለ የሚገምተው በአብዛኛው ከምልክቶቹ ተነሥቶ ነበር። የግራ እጅና እግር ቢሰንፉ፣ ዕጢው በቀኝ በኩል ሳይሆን አይቀርም ይላል። የራስ ቅሉ ተከፍቶ ዕጢው ቢገኝም እንኳ ደሙን ማቆም ስለሚያስቸግር ብዙዎቹ በሽተኞች በጠረጴዛው ላይ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞቱ ነበር። የኩሺንግም የመጀመሪያ በሽተኞች ዕድል ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

ከዕጢዎቹ መካከል ግን አንዱ ዓይነት የኩሺንግን ልብ ሳበ። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ የሚኖረው በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልሎ ነው። ይህኛው ዕጢ የሚበቅለው ከራሱ ከአንጎሉ ሳይሆን ከሽፋኖቹ ነው። ጣት በሊጥ ላይ ሲጫን ሊጡ እንደሚጎደጉድ ሁሉ፣ ዕጢውም ቀስ በቀስ እያደገ አንጎሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሰርስሮ አይገባበትም። ስለዚህ ዕጢው በጥንቃቄ ቢወጣ የተገፋው አንጎል ወደ ቦታው ሊመለስ፣ የሰነፈው እጅ ሊበረታ፣ ሰውየውም ወደ ሥራው ሊገባ ይችላል።

ይህን ተስፋ በግልጽ ያሳየው የጄኔራል ሊዮናርድ ውድ ሕመም ነው። ውድ ራሱ በሐኪምነት የተመረቀ ሲሆን፣ በ1910 የአሜሪካ ጦር ኤታማጆር ሹም ለመሆን የተመረጠ መኮንን ነበር። የግራ እግሩና እጁ እየሰነፉ፣ በዚያው ወገንም የሚያንቀጠቅጥ ሕመም እየተመላለሰበት መጣ። ኩሺንግ በዚያ ዓመት በባልቲሞር የራስ ቅሉን ከፈተ፤ ነገር ግን ደሙ ስለ በዛ ሥራውን አቁሞ ዘጋው። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ከፍቶ ዕጢውን አወጣ። ጄኔራሉ ዳነ። ሹመቱን ተቀበለ፤ በ1920 ለአገሩ ፕሬዚዳንትነት በፓርቲው እጩ ሆኖ ለመቅረብ ተወዳደረ፤ በ1921 ደግሞ የፊሊፒንስ ጠቅላይ ገዥ ሆነ። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ዝና በአሜሪካ የገነነው ከዚህ ወዲህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኩሺንግ በ1912 ወደ ቦስተን ተዛውሮ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይና በቤልጅግ ግንባር ቁስለኞችን አከመ፤ በአንጎል ውስጥ የቀረውን የብረት ስብርባሪ በማግኔት ስቦ እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1922 በለንደን ባደረገው ንግግር፣ ለዚያ ለሽፋን ዕጢ ሜኒንጂዮማ የሚለውን ስም አወጣለት። ከዚያ በፊት ዕጢው እንደ አጥኚው አስተያየት ልዩ ልዩ ስም ይሰጠው ነበር፤ ከየትኛው ሕዋስ እንደሚነሣ ሊቃውንቱ አልተስማሙምና። ኩሺንግ ክርክሩን ወደ ጎን ትቶ ዕጢውን በበቀለበት ቦታ፣ ማለትም በአንጎል ሽፋን ስም ጠራው። ቀላል ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ሐኪሞች ሁሉ አንዱን ነገር በአንድ ስም ካልጠሩት በሽተኞቻቸውን እንዴት ደምረው ሊያወዳድሩ ይችላሉ?

የኩሺንግ ጠባይ ለሁሉ የሚመች አልነበረም። ለረዳቶቹ ቁጡና ምሕረት የሌለው ሲሆን፣ በበሽተኞቹ ዘንድ ግን በጣም ይወደድ ነበር። በሰኔ ወር 1926 የበኩር ልጁ ዊልያም በመኪና አደጋ መሞቱ ጧት ተነገረው፤ ለባለቤቱ በስልክ ካረዳት በኋላ ለዚያ ዕለት ወደ ተቀጠረው በሽተኛ ሄዶ ቀዶ ሕክምናውን ፈጸመ። አንዳንዱ ይህን ጽናት ይለዋል፤ አንዳንዱ ጭካኔ ይለዋል። በዚሁ ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን፣ ዊልያም ቦቪ የተባለ ተመራማሪ በሠራው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሥጋን እየቆረጠ ደምን እዚያው በማርጋት፣ ቀደም ሲል ደሙ አላስነካ ብሎት የተወውን ዕጢ አወጣ። እጁን አስረው ይዘውት የነበሩ ብዙ ዕጢዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚደፈሩ ሆኑ። በቀዶ ሕክምናው የሚሞቱት በሽተኞች ቁጥርም በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ ዝቅ አለ።

ሊዮናርድ ውድ ግን ተመልሶ መጣ። ዕጢው በወጣበት ስፍራ ዳግመኛ በቅሎ የግራ ወገኑን አሰነፈበት፤ ጄኔራሉም ሥራዬን ሳልጨርስ እያለ ሕክምናውን ብዙ ጊዜ አራዝሞት ነበር። በኦገስት ወር 1927 ኩሺንግ እንደገና ቀደደው። ሥራው ረጅምና አድካሚ ሆነ፤ ዕጢው ከወጣ በኋላ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰና ውድ ኦገስት 7 ቀን ሞተ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት የኩሺንግን ስም ያስጠራው ሰው በዚያው በኩሺንግ እጅ ዐረፈ። ሐኪሙ ነገሩን አልሸሸገውም፤ የውድን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዝርዝር ጻፈው።

ኩሺንግ በሽተኞቹን ሆስፒታሉን ለቀው ሲሄዱ አያሰናብታቸውም ነበር። ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ዕለት በየዓመቱ ሲመለስ ስለ ጤንነታቸው እንዲጽፉለት ይጠይቃቸዋል። ሲሞቱም ቤተ ዘመዶቻቸውን አስፈቅዶ አስከሬናቸውን ያስመረምራል። ይህን ሁሉ ሰነድ በሥርዓት የያዘችው ሉዊዝ አይዘንሃርት ናት። በጸሐፊነት ተቀጥራ ከጀመረች በኋላ፣ የሕክምና ትምህርት ተምራ በ1925 ሐኪም ሆና ተመረቀች፤ ዕጢዎችን በማይክሮስኮፕ በመለየት ረገድም በአገሯ ከታወቁት ባለሙያዎች አንዷ ሆነች። ሁለቱ በ1938 ከ700 ገጽ በላይ የሆነ፣ የ313 በሽተኞችን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ስለ ሜኒንጂዮማ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ የዳኑት ብቻ ሳይሆኑ የሞቱትና ዕጢያቸው የተመለሰባቸውም ተቆጥረዋል። ከዚያ መጽሐፍ አንባቢው የሚረዳው ነገር አለ፤ አንዳንዱ ሜኒንጂዮማ አንድ ጊዜ ወጥቶ ሲቀር፣ አንዳንዱ ደግሞ ቢያወጡት ቢያወጡት ይመለሳል።

ኩሺንግ ኦክቶበር 7 ቀን 1939 በኒው ሄቨን ከተማ በልብ ሕመም ሞተ። የሌሎችን እንዳስመረመረ ሁሉ የእርሱም አስከሬን ተመረመረ፤ በአንጎሉ ውስጥም በሕይወቱ ሳለ ያልታወቀ ትንሽ ውሃ የቋጠረ እባጭ ተገኘ።

ተመላሹ ሜኒንጂዮማ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የማወቁ ጥያቄ ለተከታዮቹ ቀረ። በ1957 ዶናልድ ሲምፕሰን የተባለ ሐኪም፣ ዕጢው ከተጣበቀበት ሽፋን ጋር ፈጽሞ ሲወጣ ከ100 በሽተኞች በ9ኙ ላይ ብቻ እንደሚመለስ፣ በከፊል ብቻ ሲወጣ ግን በ44ቱ ላይ እንደሚመለስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ አጥኚዎች ዕጢውን ራሱን በማይክሮስኮፕ መመርመር አበዙ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1993 ባወጣው አመዳደብ፣ ሕዋሳቱ ከተለመደው ይበልጥ ፈጥነው የሚከፋፈሉትን ዓይነት አቲፒካል፣ ማለትም ከተለመደው የወጣ ሜኒንጂዮማ ብሎ ለየው። በ2000 ዓ.ም. መለኪያው በቁጥር ተወሰነ፤ በአሥር የማይክሮስኮፕ እይታዎች ውስጥ በመከፋፈል ላይ ያሉ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሕዋሳት ከተቆጠሩ ዕጢው ከዚህ ወገን ይመደባል። እንዲህ ያለው ዕጢ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ የጨረር ሕክምና ይጨመርለት ወይስ እየተከታተሉ መጠበቅ ይሻላል የሚለው ሐኪሞችን ከሚያከራክሩት አንዱ ነው። ይህን ለመለየት በ2015 በብሪታንያና በሌሎች አገሮች የተጀመረው ጥናት 190 በሽተኞችን ለማሳተፍ የታቀደ ሲሆን፣ በሽተኞቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን ጨረር እንዲያገኝ፣ ሌላው ወገን እንዲጠበቅ፣ ሁለቱም ለዓመታት እንዲታዩ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው።

ኩሺንግ የሰበሰባቸው የዕጢ ናሙናዎችና የበሽተኞቹ ፎቶግራፎች በእርሱ ዘመነ ሕይወት ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ተወስደው ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የሚጠይቃቸው ጠፍቶ በተማሪዎች መኝታ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ አቧራ ለበሱ። በ1990ዎቹ ዓመታት የሕክምና ተማሪዎች አገኟቸው፤ ብርጭቆዎቹም ጸድተው ከ2010 ጀምሮ በዬል የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ይታያሉ። የሊዮናርድ ውድ አንጎልም የሚገኘው እዚያው ነው።