ዦዜፍ ፔርኔ-ዱሼና የቢጫው ጽጌረዳ ነገር

ዛሬ በአበባ ገበያ ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ጽጌረዳ ማየት ለማንም ብርቅ አይደለም። በአገራችንም የአበባ እርሻዎች ቲ-ሃይብሪድ እየተባሉ ከሚመረቱት ዓይነቶች መካከል እነዚህ ቀለማት የተለመዱ ናቸው። ይሁን እንጂ እስከ 1900 ዓ.ም. ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቢጫነቱ የደመቀ፣ ብርድን የሚችልና በዓመት ደጋግሞ የሚያብብ ጽጌረዳ ለአትክልተኛው አልተገኘለትም ነበር። ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዙ የደከመው ፈረንሳዊው አዳቃይ ዦዜፍ ፔርኔ-ዱሼ ነው።

ፔርኔ በ1859 በሊዮን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጽጌረዳ አልሚ ስለ ነበረ ሙያውን ከቤቱ ጀመረ። ኋላም በዱሼ ቤተሰብ የችግኝ ማፍያ ገብቶ ሠራ፤ በ1882 የዚያኑ ቤት ልጅ አግብቶ የአማቱን ስም ከራሱ ስም ጋር አጣመረ። ሊዮን በዚያ ዘመን የሐር ብቻ ሳትሆን የጽጌረዳም ከተማ ነበረች። ጊዮ የተባለው አትክልተኛ በ1867 «ላ ፍራንስ»ን ያስገኘው በዚያው ነው፤ ይህ አበባ ግን ከየትኛው መደብ እንደሚቆጠር ለጊዜው በውል አልታወቀም። የኋላ ኋላ ሄንሪ ቤኔት የተባለ እንግሊዛዊ ገበሬ የከብት አርቢዎችን ዘዴ ወደ አበባ አምጥቶ፣ እናትና አባቱን እየመረጠ ካዳቀላቸው ችግኞች 10 ዓይነት በ1879 ለገበያ አቀረበ። የሊዮን የአትክልት ማኅበርም በማግስቱ ዓመት የሻይ ዲቃላ የሚለውን የመደብ ስም ተቀበለ። እኛ ቲ-ሃይብሪድ የምንለው ይኸው ነው።

ፔርኔ-ዱሼ የቤኔትን አበቦች በወላጅነት ተጠቅሟል። ከነዚሁ ከአንዷ የተገኘችው ሮዝማዋ «ማዳም ካሮሊን ቴስቱ» በ1890 ስትወጣ ስሟን ያገኘችው ከአንዲት ልብስ ሰፊ ነጋዴ ነው። አበባ በስሙም ጭምር እንደሚሸጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አሜሪካ ውስጥ የምትገኘው የፖርትላንድ ከተማም ኋላ መንገዶቿን በዚህች ጽጌረዳ አስጊጣለች።

ልቡ ግን በቢጫው ላይ ነበር። ከምዕራብ እስያ የመጣው የፋርስ ቢጫ ጽጌረዳ ቀለሙ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ሽታው ደስ አያሰኝም፣ ዘርም በጭንቅ ነው የሚይዘው። በዚህም ምክንያት ፔርኔ-ዱሼ ይህን ተክል በአባትነት መርጦ ብናኙን በሌሎች አበቦች ላይ ማድረግ ጀመረ። ከ1880ዎቹ አንሥቶ ሙከራው በየዓመቱ ቢደጋገምም የተገኘው ዘር እጅግ ጥቂት ነበር። በመጨረሻ «አንቷን ዱሼ» ከተባለው ቀይ ጽጌረዳ ጋር ተዳቅለው ከተገኙት ችግኞች የዘር መሥመሩ ቀጠለ፤ በ1900ም «ሶሌይ ዶር»፣ ማለትም የወርቅ ፀሐይ፣ ለገበያ ቀረበ። ቀለሙ ብርቱካንማ ቢጫ ሆኖ ቀይ የተቀላቀለበት ነው። ጥሩ ቢጫ የሆነው «ሬዮን ዶር» የመጣው ከ10 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ከዚህ የዘር ሐረግ የሚወለዱት ሁሉ በአዳቃዩ ስም ፔርኔሲያና የሚባል ራሱን የቻለ መደብ ሆኑ።

እዚህ ላይ መሸሸግ የሌለበት ነገር አለ። የፋርሱ ተክል ቀለሙን ብቻ አላወረሰም። ጥቁር ነጠብጣብ ለሚባለው የቅጠል በሽታ መጋለጥን፣ ለመግረዝ አለመመቸትንና ከጫፍ ወደ ታች የሚደርቅ ቅርንጫፍንም ጨምሮ አውርሷል። እንደ እኔ አስተያየት አዳቃዩ በዚህ አይወቀስም፤ የተፈለገውን ጠባይ ካልተፈለገው ለይቶ ለማውጣት ብዙ ትውልድ መጠበቅ ግድ ነውና። ሆኖም መድኃኒት ለመርጨት የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ ውርስ ጋር ግንኙነት እንዳለው የሙያ ባልደረቦቼ ቢያስታውሱት መልካም ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የፔርኔ-ዱሼ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ክሎዲየስና ዦርዥ፣ ዘመቱ። ሁለቱም አልተመለሱም። የአያታቸውንና የአባታቸውን ሥራ የሚረከብ ልጅ ከቤቱ ጠፋ። አባትየው ግን ማዳቀሉን አልተወም። በ1920 ያወጣውን ቢጫ ጽጌረዳ የክሎዲየስ ፔርኔ መታሰቢያ ሲል ሰየመው፤ አበባውም በፓሪስ የባጋቴል ውድድር የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። በማግስቱ ዓመት ቀላ ያለው ሮዝማ አበባ የዦርዥ ፔርኔ መታሰቢያ ሆነ። የችግኝ ማፍያውን የተረከበው ዣን ጎዣር የተባለ ወጣት ነበር።

ፔርኔ-ዱሼ በ1928 አረፈ። ከእርሱ በኋላ የፔርኔሲያና ጽጌረዳዎች ከሻይ ዲቃላዎች ጋር እጅግ ስለ ተዳቀሉ ወሰኑን ለይቶ ማወቅ አልተቻለም፤ በ1930ዎቹም መደቡ በሻይ ዲቃላ ውስጥ ተጠቃሎ ስሙ ከዝርዝር ወጣ። በ1945 በአሜሪካ «ፒስ»፣ ማለትም ሰላም፣ ተብሎ የተሰየመው የሜያን ዝነኛ ጽጌረዳም በዚሁ መደብ የተመዘገበ ነው። የዘር ሐረጉ ወደ ኋላ ሲቆጠር ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ሆኖ የሚገኘው የክሎዲየስ መታሰቢያ ነው።