የአደባባይን ፍርሃት ስም ያወጡለት ሐኪም

ካርል ፍሪድሪክ ኦቶ ዌስትፋል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1833 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ተወለዱ። አባታቸውም ሐኪም ነበሩ። ትምህርታቸውን በበርሊን፣ በሃይደልበርግና በዙሪክ ከተከታተሉ በኋላ፣ ሻሪቴ በተባለው በታላቁ የበርሊን ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። የአእምሮ ሕመም የአንጎል ሕመም ነው ብለው ያስተምሩ የነበሩት ቪልሄልም ግሪዚንገር በ1868 ሲሞቱ፣ በተከታዩ ዓመት የክፍሉ ኃላፊነት ለዌስትፋል ተሰጠ። በ1874 ደግሞ ሙሉ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኙ።

ዌስትፋል በ1871 ባሳተሙት ጽሑፍ የሦስት ሰዎችን ታሪክ አቀረቡ። ሦስቱም አእምሯቸው ያልተዛባ ወንዶች ሲሆኑ፣ ሰፊ አደባባይ ወይም ጭር ያለ መንገድ ለማቋረጥ ሲነሡ ልባቸው ይመታ፣ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚያሰጋ ነገር አለመኖሩን ራሳቸው ያውቁታል፤ ማወቃቸው ግን ፍርሃቱን አላራቀላቸውም። የሚያምኑት ሰው አብሯቸው ሲሄድ ጭንቀቱ ይቀልላቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ሁኔታውን እንደ ራስ ማዞር የቆጠረ ሐኪም ነበር። ዌስትፋል ግን ዋናው ነገር ፍርሃቱ መሆኑን ለይተው፣ አደባባይና ፍርሃት ከሚሉት የግሪክ ቃላት አጎራፎቢያ የሚል ስም ሰጡት። በዚህም ሕመምተኛው ፈሪ ከመባል ወጥቶ የሐኪም ጉዳይ ሆነ።

ሥራቸው በዚህ ብቻ አልተወሰነም። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ሲመታ እግር የሚወነጨፍበትን ምላሽ፣ ከቪልሄልም ኤርብ ጋር በአንድ ዓመት፣ ይኸውም በ1875፣ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ አሳወቁ። ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚደረገው ምርመራ ከዚህ የመጣ ነው።

ዌስትፋል በ1890 በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር በምትገኘው የስዊስ ከተማ በክሮይዝሊንገን አረፉ። ለበሽታው ስም ቢያወጡለትም የሚያሽር መድኃኒት ሳያዩ ነው ያለፉት። ከ66 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ሐይቅ ዳር በጎረቤቲቱ በሙንስተርሊንገን፣ ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት በድብርት ሕሙማን ላይ ሞክረው ጠቃሚነቱን አረጋገጡ። በ1962 ደግሞ ዶናልድ ክላይንና ማክስ ፊንክ በኒውዮርክ ይኸው መድኃኒት ድንገተኛውን የሽብር ስሜት እንደሚያቆም ገለጹ። ይሁን እንጂ ሽብሩ ከቆመም በኋላ ሕሙማኑ ይመጣብኛል በሚል ሥጋት ከቤት መውጣትን ይፈሩ ነበር፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እንዲወጡ ማደፋፈር አስፈለገ።

ዛሬ በአንጎል ውስጥ በሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩት ፀረ ድብርት መድኃኒቶች ይቀድማሉ። ኢሚፕራሚን አፍ ስለሚያደርቅ፣ ከመጠን በላይ ሲወሰድም ልብን ስለሚጎዳ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሁሉም ቢሆኑ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ሕመምተኛውም ይህ ተነግሮት፣ የፈራውን መንገድ ደረጃ በደረጃ እንዲለማመድ መረዳት አለበት። ዌስትፋል ያስተዋሉት የታማኝ ጓደኛ ድጋፍም ቢሆን ለመጀመሪያው እርምጃ እንጂ ለዘለቄታው ምርኩዝ ሊሆን አይገባውም፤ የሕክምናው ፍጻሜ ሰውየው አደባባዩን ብቻውን ሲያቋርጥ ነው።