ጆን ፒተር አልትጌልድ፤ ፍርድን የመረመሩት አገረ ገዥ

ምሕረት ማድረግና የተሰጠ ፍርድ ስሕተት ነው ብሎ መመስከር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ምስጋና ያስገኛል፤ ሁለተኛው ጠላት ያፈራል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት አገረ ገዥ የነበሩት ጆን ፒተር አልትጌልድ ሁለቱን ለይተው ያወቁና አስቸጋሪውን የመረጡ የሕግ ሰው ነበሩ።

አልትጌልድ የተወለዱት ዲሴምበር 30 ቀን 1847 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በጀርመን አገር ኒደርዘልተርስ በምትባል መንደር ነው። ገና ሕፃን ሳሉ ወላጆቻቸው ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኦሃዮ ተቀመጡ። ቤተሰቡ ድኻ ስለ ነበር የልጅነት ዘመናቸው ከትምህርት ቤት ይልቅ በእርሻ ሥራ አለፈ። በ16 ዓመታቸው በእርስ በርስ ጦርነት በሰሜኑ ወገን ተሰልፈው ለመቶ ቀናት ያህል ዘመቱ። ከዚያም በኋላ በመምህርነትና በባቡር ሐዲድ የቀን ሠራተኛነት ኑሯቸውን እየገፉ፣ በሚዙሪ ሕግ አጥንተው ጠበቃ ሆኑ። በ1874 ለአንድ አውራጃ ዐቃቤ ሕግነት ተመረጡ፤ በተከታዩ ዓመት ግን ሥራውን ለቅቀው ወደ ቺካጎ ሄዱ።

በቺካጎ በጥብቅና፣ በይበልጥም በመሬትና በሕንፃ ንግድ ሀብት አፈሩ። ሀብቱ ግን የድኻውን ኑሮ አላስረሳቸውም። በ1884 ስለ ወንጀለኛ መቅጫው ሥርዓት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሕጉ ክንድ የሚበረታው በችግረኛው ላይ መሆኑንና እስራት ሰውን ከማረም ይልቅ የባሰ እንደሚያደርገው አስረዱ። ከ1886 እስከ 1891 በኩክ አውራጃ በዳኝነት ሠሩ። በ1892 በዲሞክራቲክ ፓርቲ እጩነት ተወዳድረው ለአገረ ገዥነት ተመረጡ። በውጭ አገር ተወልዶ ኢሊኖይን ለማስተዳደር የበቃ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ናቸው።

ሥልጣን ሲይዙ የጠበቃቸው ከባድ ጉዳይ የሄይማርኬት መዝገብ ነበር። ሜይ 4 ቀን 1886፣ የሥራው ቀን ስምንት ሰዓት ይሁን የሚለው የሠራተኞች ጥያቄ በተፋፋመበት ሰሞን፣ በቺካጎ ሄይማርኬት አደባባይ የተደረገውን ስብሰባ ለመበተን በመጡ ፖሊሶች ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ቦምብ ወረወረ። በዚህ ሰበብ ሰባት ፖሊሶች ሞቱ፤ ከሲቪሎችም የሞቱ ነበሩ። ከተከሰሱት ስምንት አናርኪስቶች በሰባቱ ላይ ሞት፣ በአንዱ ላይ 15 ዓመት እስራት ተፈረደ። ኖቬምበር 11 ቀን 1887 አራቱ ተሰቀሉ፤ አንዱ በዋዜማው ራሱን ገደለ፤ የሁለቱ ቅጣት በጊዜው አገረ ገዥ በነበሩት በሪቻርድ ኦግልስቢ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በየዓመቱ ሜይ 1 ቀን የሚከበረው የዓለም ሠራተኞች ቀን ከዚህ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

በእስር የቀሩት ፊልደን፣ ሽዋብና ኒቢ እንዲፈቱ ከቺካጎ ታላላቅ ሰዎች መካከል ሳይቀር የሚለምኑ ነበሩ። አልትጌልድ ቅጣቱ ይበቃል ብለው በአጭር ቃል ቢለቋቸው ኖሮ ነቀፌታው ቀላል በሆነ ነበር። እርሳቸው ግን መዝገቡን አስቀርበው እንደ ዳኛ መረመሩ። ጁን 26 ቀን 1893 በጻፉት ረጅም ውሳኔ፣ የጁሪው አባላት ለጥፋተኝነት ፍርድ እንዲያመቹ ተደርገው መመረጣቸውን፣ ቦምቡን የወረወረው ሰው ሳይታወቅ ተከሳሾቹን ከድርጊቱ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አለመቅረቡን፣ ዳኛው ጆዜፍ ጋሪም ማዳላታቸውን በዝርዝር አመለከቱ። ሦስቱም ተለቀቁ። ጋዜጦች ግን አገረ ገዥውን የሥርዓት አልበኞች ወዳጅ አድርገው ሳሏቸው፤ የውጭ ተወላጅነታቸው እንኳ እንደ ጥፋት ተቆጠረ። የእስረኞቹን መፈታት ከደገፉት መካከልም ዳኛውን መንቀፋቸውን ያልወደዱ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ሕፃናትን በፋብሪካ ማሠራትን የሚገድብና ለሴቶች የስምንት ሰዓት ሥራን የሚወስን ሕግ ወጣ፤ ለተቆጣጣሪነቱም ፍሎረንስ ኬሊን ሾሙ። የሰዓቱን ድንጋጌ ግን የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1895 ሻረው። በ1894 የፑልማን ሠራተኞች አድማ የባቡር መሥመሮችን ባወከ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ አገረ ገዥው ሳይጠይቁ የፌዴራል ጦር ወደ ቺካጎ ላኩ። አልትጌልድ የክፍለ ግዛቱ ሠራዊት ጸጥታውን ለማስከበር ይበቃል ሲሉ ሕገ መንግሥቱን ጠቅሰው ተቃወሙ፤ ሰሚ ግን አላገኙም።

በ1896 በድጋሚ ተወዳድረው ተሸነፉ። ሀብታቸውም ተሟጦ፣ በቺካጎ ያሠሩት ታላቅ ሕንፃ ከእጃቸው ወጣ። በመጨረሻ ዘመናቸው ከታዋቂው ጠበቃ ከክላረንስ ዳሮው ጋር ወደ ጥብቅና ሥራ ተመለሱ። በማርች 1902 በጆሊየት ከተማ ለደቡብ አፍሪካ ቦኤሮች ተሟግተው ንግግር ካደረጉ በኋላ በድንገት ታመው ማርች 12 ቀን ዐረፉ፤ ዕድሜያቸውም 54 ነበር። አስከሬናቸው በቺካጎ ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍት ባረፈ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰናበታቸው።

አልትጌልድ ሥልጣናቸውን፣ ሀብታቸውንና ጤናቸውን አጥተው ሞቱ፤ የ1893ቱን ውሳኔ ግን አላጠፉትም፣ አልካዱትምም። ምክንያቱ ተጽፎ ስለ ቀረ፣ የሚደግፈውም የሚነቅፈውም እስከ ዛሬ መዝገቡን ገልጦ ሊመዝነው ይችላል።