አልፍሬድ ኢልግ

አልፍሬድ ኢልግ (መጋቢት 22 ቀን 1846 – ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 30 ማርች 1854 – 7 ጃንዋሪ 1916) የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስና የዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ አማካሪ ነበሩ። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥተው ሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ አገልግለዋል። ስማቸው ከአዋሽ ድልድይ፣ ከአዲስ አበባ የመጀመሪያ የቧንቧ ውሃ፣ ከፖስታና ከባቡር ሐዲድ ታሪክ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በአብዛኛው የሚታወሱት አዲስ ነገር ወደ አገር በማስገባታቸው ነው። ይሁን እንጂ ከባዱ ሥራ የገባው ነገር ባለሙያና መለዋወጫ በሌለበት ስፍራ ሳይቆም እንዲሠራ ማድረግ ነበር።

ልጅነትና ትምህርት

ኢልግ የተወለዱት በስሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ በቱርጋው ክፍለ አገር በምትገኘው ፍራውንፌልድ ከተማ ነው። በዙሪክ በሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ሜካኒካል ምሕንድስና ተምረዋል። በዚያው ዘመን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ጥበብ የሚያውቁ አውሮፓውያንን ይፈልጉ ነበር። ጥያቄው በኤደን በነበረ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል ደረሳቸውና ወጣቱ መሐንዲስ ጥሪውን ተቀበሉ።

ወደ አንኮበር

ኢልግ አፐንዜለርና ሲመርማን ከተባሉ ሁለት የአገራቸው ሰዎች ጋር ጉዞ ጀመሩ። ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ በግመል ቅፍለት የሚጓዙበት በረሃ ነበር። ቅፍለቱ ከቆላው ወጥቶ የሚደርስበት አንኮበር በይፋት ቆላ ላይ በተንጠለጠለው የተራራ ጠርዝ ላይ የተሠራ ከተማ ነው። ደብረ ሲናም በዚሁ ጠርዝ ላይ ከአንኮበር በስተ ስሜን ትገኛለች። ከአንኮበር ግርጌ ያለው አልዩ አምባ የደገኛውና የቆላው ነጋዴ የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ነበር። ከጠረፍ የሚመጣ ማንኛውም ብረት፣ መሣሪያም ሆነ ማሽን በግመል እስከ ቆላው ከደረሰ በኋላ ያን ዳገት በበቅሎና በሰው ትከሻ ይወጣል። በመንገድ የጠፋ ወይም የተሰበረ ዕቃ ምትክ ለማግኘት ብዙ ወራት መጠበቅ ግድ ነበር። በዚህ ምክንያት በሸዋ የሚሠራ መሐንዲስ ለጎደለው ነገር በአካባቢው ከሚገኘው ምትክ መፍጠር ነበረበት።

በምኒልክ ግቢ

ንጉሡ የእጅ ሥራን የሚወዱ፣ አዲስ መሣሪያ ሲያዩ ፈትተው ውስጡን ማወቅ የሚሹ ሰው ነበሩ። እንደሚተረከው፣ ለኢልግ የመጀመሪያ ትእዛዛቸው ጫማ እንዲሠሩላቸው ነበር። ከዚያም ጠመንጃ እንዲሠሩ ጠየቋቸው ይባላል። መሐንዲሱ ከአውሮፓ መግዛት እንደሚቀል ቢነግሯቸውም ንጉሡ በሐሳባቸው ጸኑ፤ ኢልግም ሠርተው አቀረቡ። ትረካው የሁለቱን ግንኙነት መነሻ ያሳያል። ምኒልክ በወሬ ሳይሆን በዐይናቸው ባዩት ነገር የሚያምኑ ነበሩና አማካሪያቸው ቃላቸውን በሥራ ማሳየት ነበረባቸው።

ኢልግ አማርኛ በሚገባ ተምረው ያለ አስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ። የባቡርን ነገር ለንጉሡ ለማስረዳትም የባቡር ሞዴል ሠርተው አሳይተዋል። በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውሃ አስገቡ። ውሃ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም ብለው የሚጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ። ነገሩ ግን ቀላል የተፈጥሮ ሕግ ነው። የምንጩ ቦታ ከመድረሻው ከፍ ካለና ቧንቧው ካላፈሰሰ፣ በመካከል ያለውን ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ውሃው በግቢው ሲፈስ ክርክሩ አበቃ።

ስልክና የሽቦው ብልሽት

ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ጉዟቸው የስልክ መሣሪያ ይዘው በመጡ ጊዜ በ1882 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1890) በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተዘረጋ። ሰው ሳይታይ ድምፁ መሰማቱ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ከካህናቱም የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ነበሩ። ምኒልክ ግን አልተመለሱም። ቀጥሎ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ተዘረጋ። ይህን ሥራ ያከናወነው ኢልግ ፈቃዱን ተቀብለው ያቋቋሙት የባቡር ኩባንያ ነው። ከ1902 እስከ 1904 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢጣሊያኖች አዲስ አበባን ከአስመራ ጋር የሚያገናኝ መስመር ዘረጉ።

በዚያ ዘመን የነበረ የስልክ መሣሪያ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ነበሩት። ባትሪው የንግግሩን ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በእጅ የሚዞረው እጀታ ማግኔት ባለበት ማመንጫ አማካይነት የደወሉን ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በሌላው ጫፍ በብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና የደወሉን መዶሻ ይስባል። ብዙ ጊዜ በምሰሶ ላይ የሚዘረጋው ሽቦ አንድ ብቻ ስለ ነበረ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በመሬት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሽቦው ከእንጨቱ ምሰሶ በሸክላ ኢንሱሌተር መለየት አለበት። አለዚያ ኤሌክትሪኩ መድረሻው ሳይደርስ በእርጥብ እንጨት በኩል ወደ መሬት ያመልጣል።

ከዚህ አሠራር የተነሣ ስልክ ዝም ሲል ምክንያቱ ከአራት ነገር አይወጣም፦ ባትሪው ደክሟል፣ ሽቦው ተበጥሷል፣ ሽቦው መሬት ወይም እርጥብ ነገር ነክቷል፣ አለዚያም ሁለት ብረቶች የሚገናኙበት ስፍራ ዝጓል ወይም ላልቷል። የተበጠሰና መሬት የነካ ሽቦ በአፍ ሲነገር አንድ ይመስላል፤ ለጠጋኙ ግን ይለያያል። በመጀመሪያው ኤሌክትሪኩ መንገድ ያጣል፤ በሁለተኛው ያለ ቦታው አቋራጭ መንገድ ያገኛል። በጣቢያ በተከፋፈለ መስመር ላይ ብልሽቱ የሚፈለገው ቅርብ ካለው ጣቢያ እየተነሡ በተራ በመደወል ነው። መልስ ከሰጠው የመጨረሻ ጣቢያና ዝም ካለው የመጀመሪያ ጣቢያ መካከል ጥፋቱ አለ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሽቦውን እያዩ በእግር ወይም በበቅሎ መሄድ ነው።

በኢትዮጵያ መስመሮች ላይ የሚገኘው ጥፋት በአውሮፓ መጽሐፍ ያልተጻፈ ነበር። ምስጥ ምሰሶውን ይበላል፤ ዝሆን ሰውነቱን ሲያክበት ይጥለዋል፤ ዝንጀሮና ጦጣ በሽቦው ላይ ይንጠለጠላሉ። ሽቦውን ቆርጦ አንባር የሚያሠራ ሰውም አልጠፋም። ስለዚህ የመስመሩ ዕድሜ የተመሠረተው በዘርጊው ብቻ ሳይሆን በየጣቢያው በተቀመጡት ጸሐፊዎችና ጠባቂዎች ላይ ነበር። ስልክ በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያውኑ አይሆንም ያሉት ሰዎች ቃል የሚጠነክር በመሆኑ ጥገናው የንጉሡን እቅድ ማዳን ጭምር ነበር።

ይኸው ኤሌክትሮማግኔትና ኮንታክት ከጊዜ በኋላ የአውቶማቲክ ስልክ ማዞሪያዎችን፣ እንዲሁም ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳንቲም የሚሠሩትን የፒንቦል መጫወቻዎች አንቀሳቅሷል። አሮጌ ፒንቦል የሚጠግን ሰው ዛሬም የሚከተለው ሥርዓት አንድ ነው። ከኤሌክትሪኩ ምንጭ ይነሣል፤ ፊውዙን፣ ኮንታክቱንና ጥምጥም ሽቦውን በተራ ይፈትሻል፤ ኤሌክትሪኩ በጠፋበት ስፍራ ይቆማል።

የባቡር ፈቃድና ዲፕሎማሲ

መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 9 ማርች 1894) ምኒልክ ከጅቡቲ ወደ ውስጥ የሚዘረጋ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ለኢልግ ሰጡ። የሥራ ባልደረባቸው ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኑ ነበር። በዚሁ ዓመት የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮችና የምኒልክ ምስል ያለባቸው ገንዘቦች በፓሪስ ተሠሩ፤ በዚህም የኢልግ እጅ ነበረበት። ከአድዋ ድል በኋላም ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወደ ተፈረመው የሰላም ውል ባደረሰው ድርድር ንጉሠ ነገሥቱን አገልግለዋል። በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

የሐዲዱ ሥራ በ1897 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ችግሩ ግን ከሐዲዱ ሳይሆን ከገንዘቡ መጣ። ኩባንያው ካፒታል አጥሮት በ1902 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተዋዋለው ውል ምኒልክን ሳያማክር የተደረገ በመሆኑ ንጉሠ ነገሥቱን አስቆጣ። የኢትዮጵያ የነበረው ሐዲድ የባዕድ መንግሥት መግቢያ እንዳይሆን ሰጉ። ፈቃዱን የተቀበሉት ኢልግ ደግሞ በኩባንያውና በንጉሣቸው መካከል ተያዙ።

የመጨረሻ ዘመን

ኢልግ በ1895 እ.ኤ.አ. ፋኒ ጋቲከርን አግብተው አራት ልጆች ወልደዋል። በ1906 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከአማካሪነታቸው ተሰናበቱ። የባቡር ኩባንያውም በ1907 ከሰረ። ሥራው በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1917) ነው። ኢልግ ይህን ሳያዩ በዙሪክ አርፈዋል።

ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው ዕቃዎችና ፎቶግራፎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የብሔረሰቦች ሙዚየም ይገኛሉ። ድልድዩም ቧንቧውም በሌላ ተተክቷል። ከሥራቸው የቀረው ትምህርት ግን ዛሬም በየጥገና ቤቱ ይሠራል፦ መሣሪያ በአንድ ቀን ይገባል፤ የሚኖረው ግን ጥፋቱን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው እስካለ ድረስ ነው።