አቡበክር አል-ከረጂ (ረሂመሁላህ)

ታላቁ የሒሳብ ሊቅ አቡበክር አል-ከረጂ ከ1000 እ.ኤ.አ. በኋላ በነበሩት ዓመታት በባግዳድ ሠርተዋል። «አል-ፈኽሪ» የተሰኘውን የአልጀብራ መጽሐፋቸውን ያበረከቱት ለወዚሩ ፈኽር አል-ሙልክ ነበር።

ከ1 እስከ 10 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 55 ናቸው፤ 1 ከ10፣ 2 ከ9 እየተጣመሩ አምስት ጊዜ 11 ይሆናሉና። እያንዳንዱ ቁጥር ወደ ኩብ ከፍ ብሎ ቢደመርስ? 55 በ55፣ ማለትም 3025 ይሆናል። ደምሮ ማየት ለማንም አይከብድም፤ ምክንያቱን ማሳየት ግን ሌላ ነው። እርሳቸው ጎኑ 55 የሆነ ካሬ ወሰዱ። ከሁለት ጎኖቹ 10 ስፋት ያለው ጠርዝ ሲነሣ 45 በ45 ይቀራል፤ የተነሣው ልክ 1000፣ የ10 ኩብ ነው። ቀጥሎ 9 ስፋት ሲነሣ 729፤ እንዲህ እያለ እስከ 1 ይወርዳል። ልብ በሉ፣ ምሳሌው በ10 ቢቆምም መንገዱ ለ1000ም ያገለግላል።

ኋላ ባግዳድን ትተው ወደ ተራራማው አገር ሄዱ፤ ከምድር በታች የተሰወረ ውኃ ስለማውጣትም መጽሐፍ ጻፉ።