አርማን ትሩሶ፤ በሌላው ላይ ያየውን በራሱ ያወቀ ሐኪም

በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሌላውን ሲያድኑ የኖሩ ብዙ ሊቃውንት ይገኛሉ፤ ባስተማሩት ትምህርት የገዛ ሞታቸውን ቀድመው ያወቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ፈረንሳዊው አርማን ትሩሶ ነው።

ትሩሶ በቱር ከተማ በ1801 ዓ. ም. ተወለደ፤ ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ለእኛ ለአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ አስቀድሞ የንግግር ጥበብ መምህር የነበረ መሆኑ ነው። ኋላ ግን ብረቶኖ ከተባለው ስመ ጥር ሐኪም ሥር ሕክምና ተማረ። በጉሮሮ ደዌ ታፍነው ለሚሞቱ ሕፃናት የአየር ቧንቧን ቀዶ መተንፈሻ የማበጀትን ሕክምና በፓሪስ አስፋፋ። በ1848ም የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። ስሙን ያገነነው ግን በኦቴል ዲዮ ሆስፒታል በበሽተኞች አልጋ አጠገብ የሰጠው ትምህርት ነው።

እዚያ ሲያስተምር አንድ ነገር አስተዋለ። አንዳንድ በሽተኞች ግልጽ ምክንያት ሳይኖር በደም ሥራቸው ውስጥ ደም ይረጋባቸዋል፤ እግራቸው ወይም ክንዳቸው ያብጣል፣ ያማቸዋል፤ አንዳንዴም ካንዱ ሥፍራ ሲጠፋ በሌላው ብቅ ይላል። ትሩሶ ይህ በውስጥ አካል ለተደበቀ ነቀርሳ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አስተማረ። ሐኪሞች በሚያመነቱበት ጊዜ ጥርጣሬውን የሚቆርጠው ይኸው የረጋ ደም ነው ብሎ ያምን ነበር። ትምህርቱ በ1865 ታትሞ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1867 መባቻ፣ ያንኑ ምልክት በገዛ አካሉ ላይ አየ። ለሌላው የፈረደውን ፍርድ ለራሱ አላሻሻለም፤ ለተማሪው ለፔተር ተስፋ እንደሌለው በግልጽ ነገረው። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን፣ በ65 ዓመቱ፣ በጨጓራ ነቀርሳ ሞተ።

ዛሬ የነቀርሳ ሕዋሳት ደምን የሚያረጉ ነገሮችን እንደሚያመነጩ ታውቋል። ሆኖም ደም የረጋበት ሁሉ ነቀርሳ አለበት ማለት አይደለም፤ ያለ ግልጽ ምክንያት ደም ከረጋባቸው ሰዎች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ነቀርሳ የሚገኝባቸው ከመቶ 5 ያህል ናቸው። ስለዚህ አንድ እግሩ በድንገት ያበጠ ወይም ሳይታሰብ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የረጋው ደም ራሱ ሊገድል ይችላልና። ሐኪሙም ደሙ ለምን እንደ ረጋ ይመርምር። በትሩሶ ዘመን ምልክቱን ማወቅ ሞትን ከማወቅ አላለፈም ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን ቀድሞ ያወቀ ብዙ ጊዜ ሊድን ይችላል።